የትምህርት ቤት ድጎማና የሳይንስ ትምህርት፦ ገንዘቡ ተማሪው እጅ እስኪደርስ ያለው አሠራር

በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሳይንስ ትምህርት የሚያስፈልጓቸውን ግብዓቶች ከሚያሟሉባቸው ምንጮች አንዱ የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። በትምህርት ማኅበረሰቡ ዘንድ «ስኩል ግራንት» በሚል ስም ይበልጥ የሚታወቀው ይህ ድጋፍ ለምን እንደተዘረጋ፣ በምን መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚደርስና ለሳይንስ ሥራዎች እንዴት ሊውል እንደሚችል ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች በግልጽ ማወቅ ይገባቸዋል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀውም ለዚሁ ዓላማ ነው።

ጉዳዩ የሒሳብ አሠራር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡ ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበር። ለውጤቱ ዝቅተኛነት ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ትምህርቱ በሚታይ፣ በሚዳሰስና በሚለካ ነገር አለመደገፉ ይገኝበታል። ስለ ማግኔት ትርጓሜውን አጥንቶ ማግኔት በእጁ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ጥያቄው በሌላ መልክ ሲቀርብለት መቸገሩ አይቀርም። ክፍተቱም የሚጀምረው በ12ኛ ክፍል ሳይሆን፣ ልጆች ስለ አካባቢያቸው መጠየቅ በሚጀምሩባቸው የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ነው።

ድጎማው ምንድን ነው?

የትምህርት ቤት ድጎማ በስፋት የተዋወቀው በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ፕሮግራሙ ዓለም ባንክን ጨምሮ በልማት አጋሮች ድጋፍ በተከታታይ ምዕራፎች ሲተገበር የቆየ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው ምዕራፍ ከጥራት በተጨማሪ ለፍትሐዊነት ትኩረት ሰጥቷል።

ከዚያ በፊት አብዛኛው የትምህርት በጀት ለመምህራን ደመወዝ ይውል ስለነበር፣ ለመማሪያ ቁሳቁስና ለልዩ ልዩ ሥራ ማስኬጃዎች በትምህርት ቤት ደረጃ የሚተርፈው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ነበር። ድጎማው ይህንን ክፍተት ለማጥበብ የታሰበ ነው። ዋና መለያ ባሕርይውም መጠኑ በተማሪዎች ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መሰላቱና አጠቃቀሙን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ከማኅበረሰቡ ጋር በመመካከር መሆኑ ነው። በዚህም ከወረዳ ከሚመደበው መደበኛ በጀት፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሚያመነጨው የውስጥ ገቢና ከማኅበረሰቡ መዋጮ ይለያል።

ለተማሪ የሚታሰበው መጠንና ዝርዝር የአጠቃቀም ደንቡ በየጊዜው በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል። ስለሆነም በአንድ የበጀት ዓመት በሥራ ላይ ያለውን መጠን ማወቅ የሚፈልግ ተገልጋይ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

ገንዘቡ የሚጓዝበት መንገድ

ድጎማው በመንግሥት የፋይናንስ መዋቅር በኩል ይተላለፋል። ከገንዘብ ሚኒስቴር ተነሥቶ ወደ ክልል ፋይናንስ ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይወርድና በመጨረሻ ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል። በጎን ደግሞ የትምህርት መዋቅሩ፣ ማለትም የክልል ትምህርት ቢሮና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የተማሪዎችን ቁጥር ያሰባስባል፣ የትምህርት ቤቶችን ዕቅድ ይመረምራል፣ አፈጻጸሙን ይከታተላል።

ከዚህ ሰንሰለት ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ ስሌቱ በተማሪዎች ቁጥር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የትምህርት ስታትስቲክስ መረጃን በትክክልና በወቅቱ መላክ የትምህርት ቤቱን ድርሻ በቀጥታ የሚነካ ኃላፊነት ነው። ሁለተኛው፣ ቀደም ሲል የተለቀቀ ገንዘብ በወቅቱ ሳይወራረድ ከቀረ ቀጣዩን ሥራ ሊያጓትት ይችላል። የደረሰኝና የሪፖርት ጉዳይ ከአስተዳደር ሠራተኞች አልፎ የተማሪዎችም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ሙያዎች የሚገናኙበት ቦታ

የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ የሆነ መምህር የሚያስበው ስለ ሙከራ፣ ስለ አውደ ርዕይና ስለ ተማሪዎች የማወቅ ጉጉት ነው። የድጎማ ሥራን የሚከታተል ባለሙያ ደግሞ ስለ ዕቅድ፣ ስለ ግዥ ሥርዓትና ስለ ማስረጃ ያስባል። መምህሩ «ገንዘብ የለም ተባልሁ» ይላል፤ ባለሙያው «የቀረበልኝ ጥያቄ የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኘው ሰነድ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ የማሻሻያ ዕቅድ ነው። በዕቅዱ ያልተካተተ ሥራ ምንም ያህል ጠቃሚ ቢሆን ከድጎማው ወጪ ሊደረግለት ያዳግታል።

የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር አራት ዐበይት ርእሰ ጉዳዮች አሉት፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እንዲሁም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። የሳይንስ ሥራዎች ተገቢ ቦታ በዋናነት በመማር ማስተማር ርእሰ ጉዳይ ሥር ነው። የውኃና የመብራት አቅርቦት ያለው የሙከራ ክፍል ማደራጀት ከምቹ ሁኔታ ጋር፣ ወላጆች የሚገኙበት የሳይንስ አውደ ርዕይ ደግሞ ከኅብረተሰብ ተሳትፎ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ጥያቄው መቼ ይቅረብ?

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይጠናቀቃል። ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ሥራ ገምግመው የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚያዘጋጁት በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ አካባቢ በመሆኑ፣ የሳይንስ መምህራን ፍላጎታቸውን ከግንቦት ወር ጀምሮ በጽሑፍ ማቅረብ ይገባቸዋል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የሚነሣ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ነው።

የጥያቄው አቀራረብም ወሳኝ ነው። «የቤተ ሙከራ ዕቃ ግዥ» የሚል አንድ መስመር ለሚወስነው አካል የሚነግረው ነገር የለም። በአንጻሩ «60 ተማሪዎች ያሉት የ7ኛ ክፍል ምድብ በ10 ቡድን ተከፍሎ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 6 ሙከራዎችን በራሱ እጅ እንዲሠራ 10 የአልኮል ቴርሞሜትር፣ 10 አጉሊ መነጽርና 20 አነስተኛ አምፖል ከነባትሪያቸው ያስፈልጋሉ» የሚል ጥያቄ ዓላማውን፣ ተጠቃሚውንና መጠኑን አንድ ላይ ያሳያል። በዓመቱ መጨረሻም ሥራው መከናወኑንና አለመከናወኑን ለመመዘን ያስችላል። በዚህ ምሳሌ አንድ ቴርሞሜትር ለ6 ተማሪዎች ይደርሳል። ለ60 ተማሪዎች አንድ ብቻ ቢገዛ ግን መምህሩ ለክቶ ከመናገር በቀር ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሙከራዎች

የሳይንስ ትምህርት የተሟላ ቤተ ሙከራ እስኪገነባ ድረስ መቆየት አያስፈልገውም። በአነስተኛ ወጪ፣ አንዳንዴም ያለ ወጪ የሚሠሩና ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የሚጣጣሙ ተግባራት ብዙ ናቸው። ለአብነት ያህል፦

የፈላ ውኃ ሙቀት። ተማሪዎች ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ይማራሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ግን በከተማዋ የሚፈላ ውኃ ሙቀት 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተማሪው ራሱ ሲለካ መጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ልኬቱን በሌላ ቴርሞሜትር ደግሞ ተመሳሳይ ውጤት ሲያገኝ፣ የአየር ግፊት በከፍታ መጠን እንደሚቀንስና 100 ዲግሪ የሚለው ቁጥር የባሕር ወለልን ሁኔታ የሚመለከት መሆኑን ይረዳል። ለዚህ ሙከራ የሚበቁት ድስት፣ ምድጃና ቴርሞሜትር ናቸው። የፈላ ውኃ ስለሚያቃጥል ግን ልኬቱ በመምህር ቅርብ ክትትል መከናወን አለበት።

ከርከዴ። በሙቅ ውኃ የተዘፈዘፈ ከርከዴ ሎሚ ሲጨመርበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የሳሙና ውኃ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። በዚህም ተማሪዎች የአሲድንና የቤዝን ልዩነት ከገበያ በሚገኝ ነገር ማየት ይችላሉ።

ጥላ። በአዲስ አበባ አካባቢ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ስለምትሆን፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላው ከሥሩ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ከታኅሣሥ ጀምሮ የእኩለ ቀኑን ጥላ በየሳምንቱ እየለኩ የሚመዘግቡ ተማሪዎች ስለ ወቅቶች መለዋወጥ የራሳቸው መረጃ ይኖራቸዋል። ይህ ሙከራ የሚፈልገው እንጨት፣ ማስመሪያና ደብተር ብቻ ነው።

ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔት፣ ያገለገለ ሽቦና የፕላስቲክ ጠርሙስም ለመርጃ መሣሪያ ዝግጅት ይውላሉ። እንዲህ ያሉ ቁሳቁሶች ከማኅበረሰቡ በነፃ ሲሰበሰቡ፣ የድጎማው ገንዘብ ሊተኩ ለማይችሉ እንደ ማይክሮስኮፕና ቴርሞሜትር ላሉ ዕቃዎች ይተርፋል።

ግዥ፣ ንብረትና የተቆለፈ ቁም ሣጥን

ግዥው በትምህርት ቤቱ የግዥ ኮሚቴ አማካይነት፣ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም በተለምዶ ፕሮፎርማ የሚባለውን በማሰባሰብና በማወዳደር ይፈጸማል። የሳይንስ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ የትምህርት ዓይነቱ መምህር ዝርዝር መግለጫውን ማዘጋጀትና ዕቃው ሲመጣ ጥራቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ያለዚያ ስሙ ከዝርዝሩ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ለክፍል ደረጃው የማይሆን ዕቃ የመገዛት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የተገዛው ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ለመምህሩ ሲሰጥም በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ይህ ሥርዓት የሕዝብን ንብረት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ንብረት ያለበት ሰው «ቢሰበር እጠየቃለሁ» በሚል ስጋት ዕቃውን ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ሁኔታ ይታያል። ማይክሮስኮፕ በካርቶኑ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በሰነድ ላይ ጉድለት አይታይም፤ ተማሪዎቹ ግን ሳያዩት አንዱን የትምህርት እርከን ጨርሰው ወደ ሌላው ያልፋሉ። መፍትሔው የንብረት ቁጥጥሩን ማላላት አይደለም። በአገልግሎት ላይ እያለ በተለመደ አጠቃቀም የተሰበረን ዕቃ በቃለ ጉባኤ መዝግቦ በደንቡ መሠረት ማወራረድ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ መሣሪያ በየትኛው ቀን ለየትኛው ክፍል እንደዋለ የሚያሳይ የአጠቃቀም መዝገብ መያዝ ነው። ክትትል የሚያደርጉ ሱፐርቫይዘሮችም ዕቃው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ይህን መዝገብ ቢመለከቱ ድጎማው ስላስገኘው ውጤት የተሻለ ግንዛቤ ያገኛሉ።

የኬሚካል አያያዝ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ጊዜው ያለፈበትና መለያ ጽሑፉ የጠፋ ኬሚካል ለተማሪ መሰጠት የለበትም። አሲድን ማቅጠን ሲያስፈልግ አሲዱ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም። የእጅ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥንም ከሙከራ ዕቃዎቹ ጋር አብረው በዕቅድ መያዝ አለባቸው።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ የሚገኝ ድጋፍ

ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ነገር በራሳቸው ድጎማ እንዲያሟሉ አይጠበቅም። የጉድኝት ማዕከላት በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልምድና ቁሳቁስ የሚጋሩባቸው ናቸው፤ ውድ መሣሪያን በፕሮግራም ተራ በተራ መጠቀም ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከመግዛት ይቀላል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ተልእኮ አላቸው። የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ትምህርቶችን በተግባር የሚደግፉ፣ «ስቴም» በመባል የሚታወቁ ማዕከላት ያሏቸው ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። አንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ጉብኝት፣ የመምህራን ሥልጠና ወይም የባለሙያ ገለጻ ሲፈልግ የተማሪዎቹን ብዛት፣ የክፍል ደረጃቸውን፣ የሚፈለገውን ርእስና አመቺ የሆነውን ቀን ጠቅሶ ለዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፍ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም ለትምህርታዊ ጉብኝት ሊታሰብ የሚችል ነው።

ጉብኝት በራሱ ግብ እንዳልሆነ ግን መዘንጋት አይገባም። ተማሪዎች አስቀድመው የሚመልሱት ጥያቄ ይዘው ካልሄዱና ሲመለሱ ያዩትን ካልመዘገቡ፣ የትራንስፖርት ወጪው ከሽርሽር የዘለለ ትርጉም አይኖረውም።

ማንም እንዳይቀር

ሙከራ በሚሠራበት ጊዜ ሴት ተማሪዎች መዝጋቢ፣ ወንዶች ደግሞ መሣሪያ ያዥ የሚሆኑበት ልማድ በብዙ ክፍሎች ይስተዋላል። የቡድን ኃላፊነት በየሙከራው እንዲፈራረቅ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም ተሳትፏቸው በዕቅድ ሊታሰብ ይገባል። ማየት ለተሳነው ተማሪ በእጅ የሚዳሰስ ሞዴል ማዘጋጀት፣ መስማት ለተሳነው ተማሪ የሙከራውን ደረጃዎች በሥዕል ማስቀመጥ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ተማሪ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ማመቻቸት በአነስተኛ ወጪ የሚቻሉ ናቸው።

ወላጆች ምን መጠየቅ ይችላሉ?

ወላጅ የድጎማው ተመልካች ብቻ አይደለም። በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አማካይነት በዕቅድ ዝግጅት፣ በአጠቃቀም ክትትልና በግምገማ ይሳተፋል። ኅብረቱ ትምህርት ቤቱ ያገኘውን ገንዘብና ያወጣውን ወጪ ማኅበረሰቡ እንዲያውቀው የማድረግ ድርሻ አለው። ማንኛውም ወላጅ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለርእሰ መምህሩ ወይም ለኅብረቱ ማቅረብ ይችላል፦

1. በዚህ የበጀት ዓመት ለትምህርት ቤቱ የደረሰው ድጎማ ምን ያህል ነው? መቼስ ደረሰ?
2. ከዚህ ውስጥ ለመማር ማስተማር የተያዘው ስንት ነው? ለሳይንስ ትምህርትስ የትኞቹ ሥራዎች ታቅደዋል?
3. ባለፈው ዓመት የተገዙ የሳይንስ ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ስንት ጊዜ ለተማሪ አገልግሎት ዋሉ?
4. የገቢና የወጪ መግለጫው ማኅበረሰቡ ሊያየው በሚችል ቦታ ተለጥፏል?

ጥያቄዎቹ ለመካሰስ የሚቀርቡ አይደሉም። በአግባቡ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ሥራውን ለማስረዳት ዕድል ይሰጡታል፤ ጉድለት ባለበት ደግሞ ጉድለቱ ሳይሰፋ እንዲታረም ይረዳሉ።

በቂ ምላሽ ያላገኘ ተገልጋይ በቅድሚያ ጉዳዩን ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። በዚያም ካልተፈታ በዞን ወይም በክፍለ ከተማ፣ ከዚያም በክልል ወይም በከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ደረጃ መከታተል ይቻላል። አቤቱታው የትምህርት ቤቱን ስም፣ የበጀት ዓመቱን፣ የተጠየቀውን ጉዳይና ጥያቄው ለማን በየትኛው ቀን እንደቀረበ ቢይዝ ምላሹን ያፋጥናል። የአስተዳደር በደል ደረሰብኝ ወይም የመረጃ ጥያቄዬ ተነፈገ የሚል ዜጋ ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የማመልከት መብት አለው።

በአጠቃላይ የድጎማው መጠን ከፍላጎቱ አንጻር ውስን መሆኑ እሙን ነው። ውስን የሆነን ገንዘብ ወደ ትምህርት የሚለውጠው ግን አስቀድሞ የታሰበበት ዕቅድ፣ ሥራ ላይ የሚውል ንብረትና የሚጠይቅ ማኅበረሰብ ነው። በመሆኑም መምህራን የሚቀጥለውን ዓመት የሳይንስ ፍላጎታቸውን ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት በዝርዝር እንዲያቀርቡ፣ ርእሳነ መምህራን ያሉትን መሣሪያዎች ከቁም ሣጥን አውጥተው ለተማሪዎች አገልግሎት እንዲያውሉ፣ ወላጆችም በዓመቱ መጨረሻ በሚካሄደው የግምገማና የዕቅድ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ይጠበቃል።